የአጋም ብርዝ በአንኮበር ቁልቁለት

በዚህ ሳምንት ወደ ሰሜን ሸዋ እንወስዳችኋለን። የምንሄደው ወደ አንኮበር ነው። እዚያ ከዱር ፍሬ የሚሠራ፣ ጥም የሚቆርጥ መጠጥ ቀምሰናል። አሠራሩንም ጠይቀን መጥተናል። ከአሠራሩ ጋር አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። ደብረ ብርሃን ደረስን። የደብረ ብርሃን ብርድ ከባድ ነው። ሰዉ በጋቢ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄድን። መንገዱ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል ያልፋል። ሜዳው ያልቅና ድንገት ገደል ይመጣል። ከአፋፉ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን። ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቧል። በስተምሥራቅ በኩል፣ ከጭጋጉ ወዲያ፣ የአፋር ቆላ ነው።

አንኮበር የቆየች ከተማ ናት። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይኖሩ የነበሩት እዚህ ነው። ከአንኮበር ወደ ታች ሲወረድ አልዩ አምባ ይገኛል። በድሮ ጊዜ ከሐረርና ከባሕር በኩል የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገበያዩበት ቦታ ነበር።

እኛም ከአንኮበር ቁልቁል በእግር ወረድን። በወረድን ቁጥር ብርዱ እየቀነሰ ሄደ። ገብሱ ቀረና ጤፍና ማሽላ መጣ። ፀሐዩ በረታ። የያዝነውም ውሃ አለቀ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ወይራ አለ፤ ክትክታ አለ፤ ቁልቋል አለ። ከሁሉ የበዛው ግን አጋም ነው።

አጋምን የማያውቅ የገጠር ሰው ብዙ አይደለም። አበባው ነጭ ነው። ሽታው ደስ ይላል። ፍሬው ጥሬ ሲሆን አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ይቀላል። ሲበስል ወደ ጥቁር የተጠጋ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። እሾኹ ጠንካራና ሹል ነው። ለዚህም ነው አባቶች «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» የሚሉት። እሾኹ ቁልቋሉን ሲወጋው ነጭ ደሙ ይወርዳልና።

ከአንዲት እናት ቤት

ከመንገዱ ዳር አንድ ቤት አየን። አጥሩ የአጋም ቁጥቋጦ ነው። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው እህል ያበጥራሉ።

«እንደምን ዋሉ እማማ?» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኧረ ደክሟችኋል ልጆቼ! ግቡ፣ አረፍ በሉ» አሉን።

ገብተን ከመደቡ ላይ ተቀመጥን። በቅል የቀዳ ነገር አመጡልን። መልኩ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ቀመስነው። ይጣፍጣል፤ ደግሞም ኮምጠጥ ይላል። ጥማችንን ቆረጠልን።

«ይኼ ምንድን ነው እማማ? ጠጅ ነው እንዴ?»

«ኧረ ጠጅ አይደለም! አጋም ነው፤ ከብርዝ ጋር የተጨመቀ። አያሰክርም። ልጆቹም ይጠጡታል።»

አሠራሩን እንዲያሳዩን ለመንናቸው። «እሺ፣ ግን መጀመሪያ ለቀማውን ማወቅ አለባችሁ። ዋናው ነገር እሱ ነው» አሉን። ቅርጫት ይዘው ወጡ። እኛም ተከተልናቸው።

አጋምና መረንዝ

ከቤታቸው በላይ ሁለት ቁጥቋጦዎች ጎን ለጎን በቅለዋል። የሁለቱም ቅጠል ያብለጨልጫል። የሁለቱም አበባ ነጭና ሽታው ደስ የሚል ነው። የሁለቱም ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል። ቅጠላቸው ሲቀነጠስ ሁለቱም ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣሉ። ከሩቅ ያየ ሰው አንድ ናቸው ይላል። ግን አንድ አይደሉም። አንዱ አጋም ነው። ሌላው መረንዝ ነው። በኦሮምኛ ቀራሩ ይሉታል።

መረንዝ መርዝ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከእንጨቱና ከቅርፊቱ የሚወጣውን መርዝ በቀስታቸው ጫፍ ላይ ይቀቡት ነበር። መርዙ የልብን ምት ያዛባል፤ ልብንም ያቆማል። ጥሬ ፍሬውም መርዝ አለው። «በስሏል፣ ይጣፍጣል» ብለው የሚበሉት እረኞች አሉ። ነገር ግን በስሏል አልበሰለም ብሎ በሕይወት መወራረድ አይገባም።

«ታዲያ እርስዎ በምን ይለዩታል?» ብለን ጠየቅን።

«በእሾኹ ነዋ! አጋም እሾህ አለው። መረንዝ እሾህ የለውም። ቅጠሉም ወፈር፣ ጠንከር ያለ ነው። እኔ እሾህ የሌለውን ቅርንጫፍ አልነካም።»

እኒህ እናት ይህን የሚሉት በምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው ልጅ ከብት ሲጠብቅ የመረንዝ ጥሬ ፍሬ በላ። አስመለሰው። ወዲያው ሰውነቱ ዛለ። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። የበላውንም ቅርንጫፍ ቆርጠው ይዘውለት ሄዱ። ልጁ ተረፈ። ከዚያ በኋላ እማማ ከመረንዙ ግንድ ላይ አንድ ጣውላ በገመድ አሰሩ። በጣውላው ላይ በከሰል እንዲህ ተጽፏል፦ «መረንዝ ነው። አትብሉ።»

«ማን ጻፈው?» አልን።

«እኔው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ ነው። ዝናብ ሲያጥበው እንደገና እጽፈዋለሁ። ማንበብ ለማይችሉት ሕፃናት ደግሞ እጃቸውን ይዤ አሳያቸዋለሁ።»

አንባቢዎቻችን! ይህን ልብ በሉ። ሁለቱ ቁጥቋጦዎች ተጠጋግተው ሲበቅሉ ቅርንጫፋቸው ይጠላለፋል። ስለዚህ ቁጥቋጦውን ብቻ ሳይሆን የያዛችሁትን ቅርንጫፍ እዩ። እሾህ ካላያችሁበት ተዉት። አጋሙን መረንዝ ነው ብሎ የተወ ሰው የሚያጣው አንድ ዋንጫ መጠጥ ነው። መረንዙን አጋም ነው ብሎ የለቀመ ሰው ግን ቤተሰቡን ያጣል። ደግሞም እሾህ ያለው ሁሉ አጋም አይደለም። በደንብ የማታውቁትን ፍሬ አትልቀሙ። አዋቂ ሰው ጠይቁ።

አሠራሩ

ለቀማው ካለቀ በኋላ ወደ ቤት ተመለስን። እማማ ሲሠሩ እያየን ጻፍን። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ሁለት ጣሳ የበሰለ አጋም፣ ሦስት ጣሳ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አንድ ስኒ ማር።

1. ፍሬውን አንድ በአንድ ልቀሙ። የጠቆረውን ብቻ ያዙ። ቀዩና አረንጓዴው ሙጫ አለው፤ ጣዕሙን ያበላሻል። የተበላሸውንም ጣሉ።

2. ውሃ አፍሉ። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆይ። እንደ ደብረ ብርሃንና እንደ አንኮበር ባለ ከፍተኛ ቦታ ግን ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ምክንያቱም ከፍ ባለ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በደብረ ብርሃን ግን 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ሙቀቱ ስለሚያንስ ጊዜውን መጨመር ያስፈልጋል። ከዚያ ከድናችሁ አቀዝቅዙት።

3. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፍሬውንም በንጹሕ ውሃ እጠቡ።

4. ፍሬውን በሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በእጅ ጭመቁት። በሙቀጫ አትውቀጡት። ፍሬ ነገሩ እንዳይደቅ ነው።

5. ፈልቶ የቀዘቀዘውን ውሃ ጨምሩበትና አማስሉት። ጥቂት ይቆይ።

6. በንጹሕ ማጥለያ ጨርቅ አጥሉት። አተላው ይቀራል፤ ቀዩ ውሃ ይወርዳል።

7. ማሩን ጨምራችሁ በጥብጡት። ማር ከሌለ ስኳር ይሆናል። ከዚያ ከድናችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

የተሠራው በዚያው ቀን ይጠጣ። ካደረ መፍላት ይጀምራል፤ የልጆች መጠጥ መሆኑም ይቀራል። አንድ ሌላ ነገር አለ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር ያለበትን ነገር አትስጡ። በማር ውስጥ ለትልቅ ሰው የማይጎዳ፣ ሕፃንን ግን በጽኑ የሚያሳምም ተሕዋስ ሊኖር ይችላል።

ሌሎች ፍሬዎች

በዚህ ዓይነት ከእንጆሪም መሥራት ይቻላል። ቀጋ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀጋ አገር በቀል ጽጌረዳ ነው። ቀዩ ፍሬው ቫይታሚን ሲ የሚባለው ጠቃሚ ነገር አለው። በውስጡ ግን ጥቃቅን ፀጉር አለ። ፀጉሩ ጉሮሮ ይከረክራል። ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ ይጠረጋል።

እንዶድ ደግሞ ፈጽሞ አይጠጣም። ፍሬው በዘለላ ተንጠልጥሎ ሲታይ ልጆችን ያጓጓል። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ የታወቀ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች፣ በወንዙ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን በሽታ ያስተላልፋል። በዚህ ምርምራቸው በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። እንዶድ እንዲህ ይጠቅማል። ጥቅሙ ግን ለሆድ አይደለም። የእምቧይ ቢጫ ፍሬም እንደዚሁ መርዝ ነው።

ቁጥቋጦውን እንጠብቅ

እማማ ሲለቅሙ ቅርንጫፍ አልሰበሩም። ከላይ ያለውንም ፍሬ ተዉት። «እሱ የወፍ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ራቅ አድርጋ ትጥለዋለች። እዚያም አዲስ አጋም ይበቅላል። አጋም አፈር ይይዛል። አጥር ሆኖ ከብት ይከለክላል። ለማገዶ ከሥሩ የነቀለው ሰው አንድ ቀን ይሞቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬውንም አጥሩንም አያገኝም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አጋምና መረንዝ በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?
2. በእናንተ አገር መረንዝ አለ? ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? ልጆቻችሁ ያውቁታል?
3. ከፍ ባለ አገር ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ የሚፈላው ለምንድን ነው?
4. አንድ ልጅ የማይታወቅ ፍሬ በልቶ ቢታመም ወዴት ትወስዱታላችሁ? ምንስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?