ስልኬ መሰንቆ ጠላ

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ ከብርዳማዋ ቀየት በኢሞ ደወለ። «ጋሼ፣ ጨረስኳት!»  ሁለት ወር ሙሉ ሲሠራት የከረመውን፣ እኔም ፎቶዋን እየለጠፍኩ ያሰለቸኋችሁን መሰንቆ ማለቱ ነው።

«በል ገዝግዛት፣ ልስማ» አልኩት። ዘፈነ። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። መሰንቆዋ ግን የለችም! ደጋኑ ሲመላለስ በቪዲዮው ይታየኛል፣ ጆሮዬ ጋ ምንም የለም። «ምታት እንጂ!» እላለሁ። «እየመታሁ እኮ ነው ጋሼ!» አንዳንዴ «እዝ» ትልና ተመልሳ ትጠፋለች። አንድ ደቂቃ ሙሉ ልጁን እንደ ሰነፍ ተማሪ ስቆጣው ቆየሁ።

ለካ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። ስንደዋወል የሰው ንግግር ብቻ ይለይና ሌላውን እንደ መኪናና እንደ ነፋስ ቆጥሮ ያፍነዋል። የመሰንቆ ጅማቷ የፈረስ ጭራ፣ ደጋኗም የፈረስ ጭራ። ጭራ በጭራ ሲፋተግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ደግሞ ለእሱ ጩኸት ነው። እሺ፣ ያ ሻካራነት ከተነሳ ምን ቀረ? ቫዮሊን እንኳን አይቀርም።

ዘፋኙና መሰንቆ መቺው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ግድም (በፈረንጅ) ጀርመን አገር መሰንቋቸውን ይዘው ሸክላ ሲያስቀዱ ዘፈን በማይክሮፎን መቅዳት ገና አልተጀመረም ነበር። ዘፋኙ የሚዘፍነው ወደ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ አፍ ነበር፣ ድምፁ ራሱ መርፌውን ያንቀጠቅጥና ሰሙ ላይ ይጫራል። ያ ቆርቆሮ መሰንቆ ይሰማ ነበር። የእኔ ስልክ አይሰማም። ገና ዕዳውን ከፍዬ አልጨረስኩም።

ጭራ ካነሳን አይቀር። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ እኔም መሰንቆ ሠርቼ ነበር። እንጨቱን ጠረብኩ፣ የፍየል ቆዳ ወጠርኩ፣ ጭራ ጎደለኝ። የከተራ ዋዜማ ሌሊት የአጎቴ ዳማ ፈረስ ጋ ገባሁ። ሁለት ክር ብቻ ነበር ሐሳቤ፤ ጨለማ ነዋ፣ አንድ ጭብጥ አነሳሁ። በጥምቀት ለጉግስ ሲወጣ የዳማው ጭራ የፍየል ጭራ አክሎ ነበር። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ዱላውን አልጠላሁትም፣ የሚገባኝ ነው። የከፋኝ የአባቴ ነገር ነው። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ መሰንቆዬን ምድጃ ውስጥ ከተታት። ቆዳው ሲሸት ትዝ ይለኛል። ያንኑ ቀን ማታ ጠላ ቤት ውስጥ አዝማሪ ግንባር ላይ ብር ሲለጥፍ አየሁት! በሁለት እጁ! ስንት ዓመቱ ነው፣ አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል። አባባ፣ ነፍስህን ይማር፣ ግን ይሄን አልረሳሁልህም።

የእህቴ ልጅ ጭራውን ባለቤቱን አስፈቅዶ ነው የወሰደው። እናቱ ደግሞ ቆዳውን አብራ ወጠረችለት። ዘመን መቼም ይለወጣል።

ከዚያ «ኢሞውን ዝጋና በስልክህ መቅጃ ቅዳት፣ በቴሌግራም ላክልኝ» አልኩት። የመጀመሪያው አልጣመኝም፤ ጭጋግ ገብቶ ቆዳው ረግቧል። ምድጃ ዳር አሞቃት፣ ደጋኑንም እጣን አስነካው፣ ደግሞ ቀዳ። ሦስት ደቂቃ ናት። ነፋሱ አለ፣ አውራ ዶሮው አለ፣ እህቴ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ!» ስትል አለች። መሰንቆዋም አለች፤ ሻካራ፣ ትንሽ የተጣመመች፣ የቀየት ብርድ ያለባት። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አራት ጊዜ ሰማኋት፣ ሥራ አረፈድኩ።

አንድ ወዳጄ ሰምቶ «ነፋሱንና ዶሮውን ላውጣልህ፣ በኮምፒውተር ይጠራል» አለኝ። አንተ ራስህን ታውቃለህ። እንዳትነካት።