ዝቅ ትበል ወይስ ቸርኬዋ ይቀየር?

ዲኤክስ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። እኔ ጋ ሰሞኑን ደርሷል። ያጠራቀምኩት ብር ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። ዘንድሮ ወይ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ወይ ቸርኬና ጎማዋ ይቀየራል። ጓደኞቼን ብጠይቅ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ግማሾቹ «ቸርኬ ነው እንጂ! መኪና በጫማዋ ነው የምታምረው» አሉኝ። ሌሎቹ ደግሞ «ሳትወርድ ቸርኬ ብትቀይርላት ሱሪ ያጠረበት ሰው ነው የምትመስለው» ብለው ሳቁብኝ። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ መልክ ነው። መልኩን እኔም እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን የኔ ጉዳይ ትንሽ ጠለቅ ይላል።

መኪናዋ የአባቴ ናት። የ1982 ሞዴል ስትሆን ሊብሬዋ እስካሁን በእሱ ስም ነው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ መንዳት ትቶ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ብዙ አልመከረኝም። «ልጄ፣ የፈለግከውን አድርግ፣ የማይመለስ ነገር ግን እንዳትሠራባት» ነው ያለኝ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በወር አንዴ ደግሞ ሐኪም ቤት የምወስደው በእሷ ነው። በዚያ ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌ መኪና እንደ ቀልድ የሚሞከርበት ዕቃ አይደለም። ብትበላሽ «ሌላ እገዛለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ለማያውቃት፦ ዲኤክስ የምንላት በ1979 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረችው ባለ ማዕዘኗ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፋት ግን የኋላ እግሯ። ይሄ የኋላ እግር ነገር በኋላ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

በቸርኬው ልጀምር። ብዙ ሰው ቸርኬ ሲተልቅ መኪና ከፍ የምትል ይመስለዋል። ጎማው በትክክል ከተመረጠ አትልም። አሁን እኔ ላይ ያለው 155/80 ባለ 13 ነው። ቁመቱ ሲሰላ 578 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። 185/60 ባለ 14 ባደርግ ያው 578 ገደማ ነው። 195/50 ባለ 15 ባደርግ ደግሞ 576። ቁመቱ ያው ነው፣ የሚቀየረው የጎማው ግድግዳ ነው። በ13ቱ ላይ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት 124 ሚሊ ሜትር ላስቲክ አለ። በ14ቱ 111 ይሆናል፣ በ15ቱ 97 ተኩል። ቦሌ መንገድ ላይ ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም መሪው ቆንጠጥ ይላል። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ግን ያቺ የጠፋችው ላስቲክ ናት ጉድጓዱን ትቀበል የነበረችው። እሷ ስታንስ ምቱ ወደ ቸርኬው፣ ከዚያ ወደ ቴስቲናው፣ ከዚያ ወደ አባቴ ጉልበት ይሄዳል።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ደግሞ ሻጩ «አራት ቡሎን ነው፣ ይገባል» ይላችኋል። አራት ቡሎን ሁሉ አንድ አይደለም። በዲኤክስ አራቱ ቡሎኖች የሚሠሩት ክብ ስፋቱ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቪትዝ ደግሞ 100። በዓይን ሲያዩት ይመሳሰላሉ፣ ሲያስገቡት እምቢ ይላል። «ቀዳዳውን ትንሽ እናሰፋዋለን» የሚል ሰው ከመጣ ግን ቸርኬውን ትታችሁ ሩጡ። ኦፍሴት የሚሉትም አለ፤ ቸርኬው ወደ ውስጥ ምን ያህል ይገባል፣ ወደ ውጭ ምን ያህል ይወጣል የሚለው ነው። በፊት እግር ለሚነዱ መኪኖች የተሠራ ቸርኬ ባብዛኛው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዲኤክስ ላይ ተውጦ ከውስጥ ሊነካ ይችላል።

አሁን ወደ ማውረዱ። እዚህ አገር ማውረድ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሞላ መቁረጥ ነው። መካኒኩ በእሳት አንድ ዙር ቆርጦ ይጥለዋል፣ መኪናዋ ቁጢጥ ትላለች፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። ስለ ሞላ ብዙ የማይነገረው ነገር፣ ሲያጥር ይጠነክራል። አንድ ዙር በቆረጥክ ቁጥር የቀረው ሽቦ ጠጣር ይሆናል። ይሄ ብቻውን መጥፎ አይደለም፤ ዝቅ ያለች መኪና መሄጃዋ ስላጠረ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልጋታል። መጥፎው እሳቱ ነው። ሞላ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ነው፤ እሳት የነካው ቦታ ያንን ያጣና ከጊዜ በኋላ አንዱ ጎን ይተኛል። ሌላው፣ በጣም ካጠረ መኪናዋን በክሪክ ስታነሳት ሞላው ከመቀመጫው ላልቶ ይወጣል። ክሪክ ላይ የሚወጣ ሞላ ጉድጓድ ላይም ይወጣል። አሮጌው ሾክ አብዞርበር ደግሞ ቀድሞ መሀል ላይ ይሠራ የነበረው አሁን ታች ጫፉ ላይ ይሠራል፤ ቶሎ ይሞታል።

እንግዲህ የቱ ይቅደም? በቴክኒክ በኩል መልሱ ለእኔ ግልጽ ነው። ማውረድ ይቀድማል፣ ምክንያቱም ቸርኬ የሚለካው መኪናዋ በምትቀመጥበት ቁመት ላይ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን የኋላ እግር እናምጣው። ዲኤክስ ከኋላ አንድ ወጥ አክስል ነው ያላት። ይሄ አክስል ግራና ቀኝ እንዳይንሸራተት የሚይዘው አግድም ዘንግ አለ፣ አንዱ ጫፉ ቦዲው ላይ፣ ሌላው አክስሉ ላይ የታሰረ። ቦዲው ሲወርድ የዘንጉ አቀማመጥ ስለሚቀየር አክስሉን በትንሹም ቢሆን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ ዝቅ ያለች ዲኤክስን ከኋላ ሆናችሁ ብታዩዋት አንዱ ጎማ ወደ ፓራፋንጎው ቀረብ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። ከፊትም ካምበሩ ይቀየራል። ቸርኬውን ቀድሞ ገዝቶ በልኩ የሞላ ሰው መኪናዋ ስትወርድ በአንድ ጎን ብቻ «ክርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ያለው ምርጫ ወይ ፓራፋንጎ መቀጥቀጥ ነው፣ ወይ በውድ የተገዛ ቸርኬ በርካሽ መሸጥ።

ነገሩ በቴክኒክ ቢያልቅ ኖሮ እዚህ ድረስ አልጽፍም ነበር። ችግሩ ከሁለቱ የሚመለሰው ቸርኬው ነው። አራት ቡሎን ፈትተህ የድሮውን ትመልሳለህ። የተቆረጠ ሞላ ግን አይቀጠልም፣ የአባቴ ቃል ደግሞ «የማይመለስ» ነው የሚለው። በቴክኒክ መቅደም ያለበት ነገር ከቃሉ ጋር ተጋጨ ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ሳይቀር የነሳኝ ይሄ ነው።

መውጫው የመጣው ከመለካት ነው። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ነዋሪው ራሱ በሲሚንቶ የሠራው ጉብታ አለ። የከተማው ኮሪደር መንገድ ስንት ቢያምር ማታ መኪናዋ የምትገባው በዚህ ጉብታ ነው። አራት ጓደኞቼን ጫንኩና ቀስ ብዬ አለፍኩ። ማርሚታዋ ነካ። ገና ሳትወርድ! (ቀድሞ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ጭኜ ልሞክር ነበር፤ ግን የኋላው ጭነት አፍንጫዋን ያነሳል እንጂ አያወርድም፣ ስለዚህ ወፈር ወፈር ያሉትን ከፊት ማስቀመጥ ነው። ማን ከፊት ይቀመጥ በሚለው ትንሽ ተጣላን።) ጎንበስ ብዬ ሳይ ማርሚታውን ያንጠለጠለው ላስቲክ ተለጥጦ ተንጠልጥሏል። እሱን ብቻ በማስቀየር ሁለት ሴንቲ ሜትር አተረፍኩ። ሞላው ጠንከር ሲል ደግሞ ሰው ሲሞላባት እንደ ድሮው አትዘቀዝቅም። ስለዚህ ጥቂት ማውረድ ይቻላል፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ግን ሕልም ነው።

ቀጥሎ አባቴ። ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ መቀመጥ ቀላል ነው፣ መነሳቱ ነው ጉልበት የሚጠይቀው። መኪናዋን ሳላወርድ እንዴት ልሞክር? ከበሩ ሥር ጣውላ አነጠፍኩ። ሰውየው በአራት ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ ቆሞ ከገባና ከወጣ፣ መኪናዋ አራት ሴንቲ ሜትር ወረደች ማለት ነው። እሑድ ጠዋት «አባዬ፣ ጭቃ እንዳይነካህ በዚህ ውጣ» አልኩት። በአራቱ ላይ ሲነሳ ጣሪያውን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የተነሳው። ሲመለስ ቀጭኗን፣ የሁለት ተኩሏን ጣውላ አደረግኩ፤ እንደ ወትሮው ተነሳ። በሦስተኛው ሳምንት ጣውላውን አየና እኔን አየኝ። ጭቃ የሚባል ነገር እንደሌለ ያኔ ገባው።

«እኔን ነው የምትለካው ወይስ መኪናዋን?»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ሞላውን፣ ጉብታውን፣ ጣውላውን። ዝም ብሎ ሰማኝና «የእኔዎቹ ሞላዎች የት ይሄዳሉ?» ብቻ አለ። ዘይት ቀብቼ፣ በጆንያ ጠቅልዬ አልጋህ ሥር ነው የማስቀምጣቸው አልኩት። «አልጋዬ ሥር ቦታ የለም፣ ያንተ ሥር አድርገው» ብሎ ወደ ቤት ገባ። እኔ እንደ ፈቃድ ወስጄዋለሁ።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይሄው ነው። መጀመሪያ ትወርዳለች፣ ግን በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ፣ በእሷም ሞላ አይደለም። ሶማሌ ተራ ከፈረሰች ዲኤክስ የወጣ ሙሉ ሞላ አግኝቻለሁ፤ የሚቆረጠው እሱ ነው። እሳት ሳይነካው፣ በግራይንደር፣ ከግማሽ ዙር ጀምሮ፣ በየጊዜው ክሪክ ላይ እያነሱ ሞላው መቀመጫው ላይ መቆየቱን እያዩ። አሮጌ ሞላ አዲስ ቸርኬ ከሚፈጀው በጣም ስለሚያንስ የተረፈው ብር ለአራት አዲስ ሾክ አብዞርበር፣ ለጎሚኒዎችና ለአላይመንት ይሄዳል። እነዚህ ፎቶ ላይ አይታዩም፣ ላይክም አያስገኙም። አባቴን ከሽሮ ሜዳ ሐኪም ቤት የሚያደርሱት ግን እነሱ ናቸው።

ቸርኬው ለሚቀጥለው ዓመት። ያኔ አክስሉ ወዴት እንደተገፋ በሜትር ለክቼ፣ በጠበበው ጎን ልክ እገዛለሁ። 15 አይደለም፣ 14 ነው የምፈልገው፣ ላስቲኩ ይቅርልኝ። እስከዚያው በ13ቱ ሱሪ ያጠረበት ሳይሆን ጫማ የጠበበው ሰው ትመስላለች፤ ሳቁ።

አሁን የጎደለኝ የኋላ ሾክ አብዞርበር ነው፤ አዲስ፣ ያልታደሰ። ያላችሁ ወይም የሚሸጥበትን የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ባለ አራት ቡሎን፣ 114.3፣ 14 ኢንች ቸርኬ ያላችሁም ካላችሁ ፎቶ ላኩልኝ፣ አልገዛም፣ ለማየት ብቻ ነው። ጀርባውን ጭምር አንሱት፣ ኦፍሴቱ የሚጻፈው እዚያ ነው።