እኅቴን ማሳመን ያቃተኝ ስለ ምን ነበር?

አንባቢ ሆይ፤ ሰውን በንግግር ማሳመን የተማረ ሰው ሁሉ የሚችለው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ማስረጃ ሰብስቦ በቅደም ተከተል ካቀረቡለት ሰሚው እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም ብዬ አምን ነበር። ይኸን እምነቴን ያፈረሰችው ከእኔ በ4 ዓመት የምታንስ እኅቴ ናት።

እኅቴ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ሳታልፍ ቀረች። በዚያ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ስለ ነበሩ ነገሩ በእርሷ ብቻ የደረሰ አልነበረም። ይሁን እንጂ የመንደር ሰው ከመቶ ስንት ብሎ አይቈጥርም፤ «የእገሌ ልጅ ወደቀች» ይላል እንጂ። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ወሎ ስሄድ አንድ ደላላ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ሊልካት ቃል እንደ ገባላት ሰማሁ።

እኔም አንድ ማታ ቡና ስታፈላ ከአጠገቧ ተቀምጬ ንግግሬን ጀመርሁ። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ መሆኑን፣ ፓስፖርት የሚቀሙ አሠሪዎች መኖራቸውን፣ በ2006 ዓ.ም. ከ150 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳውዲ ዐረቢያ መባረራቸውን፣ በዚያው ዓመት መንግሥት ጉዞውን አግዶ እግዱ እስከ 2010 ዓ.ም. መቆየቱን አንድ በአንድ ዘረዘርሁላት። እርሷም ዝም ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ «ጨረስህ ወንድም ጋሼ?» አለችኝ። «አዎን» ብላት፣ «ታዲያ የእማዬን ጣራ ማን ይከድንላታል?» ብላ ሲኒዎቹን ሰብስባ ተነሣች።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስሁ በኋላም ይህ ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሥነ ልቡና ትምህርታችን ስለ አብርሃም ማስሎው የተማርነው በዚያው ሰሞን ነው። ይህ አሜሪካዊ ሊቅ በ1943 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የሰውን መሠረታዊ ፍላጎት በ5 ይከፍለዋል፤ ይኸውም የሥጋ ፍላጎት እንደ ረኀብና ጥማት ያለው፣ ደኅንነት፣ ፍቅርና ወገን፣ ክብር፣ በመጨረሻም ሰው በውስጡ ያለውን ችሎታ ሁሉ በሥራ ላይ ማዋል ነው።

በዚያው ጊዜ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ስለ ዮጋ የሚናገር መጽሐፍ አምጥቶ ስለ ቻክራ አነበብሁ። ቻክራ በሕንዶች ጥንታዊ ቋንቋ በሳንስክሪት መንኰራኵር ማለት ነው። በብዙዎች ዘንድ የታወቁት 7 ሲሆኑ፣ ከጀርባ አጥንት ሥር ካለው ከሙላድሃራ ይነሣና በስቫዲሽታና፣ እምብርት ዘንድ ባለው በማኒፑራ፣ በልብ ባለው በአናሃታ፣ በጉሮሮ ባለው በቪሹድሃ፣ በቅንድቦች መካከል ባለው በአጅና በኩል አድርጎ አናት ላይ እስካለው እስከ ሳሃስራራ ይወጣል። የጥንት መምህራን ይኸን ያስተማሩት ለተመስጦና ለጸሎት ነበር፤ ከደኅንነት፣ ከፍቅርና ከክብር ፍላጎት ጋር ማዛመዱ ግን የቅርብ ጊዜ ሰዎች ሥራ ነው። ሐኪምም በምላጩ ቢፈልግ ቻክራ የሚባል ብልት አያገኝም። ስለዚህ እኔ እንደ ምሳሌ ብቻ ነው የወሰድሁት።

ምሳሌነቱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአገራችን ሰው ሲያዝን «አንጀቴን በላው» ይላል፤ ሲፈራ «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል፤ ምስጢር ሲይዝ «ሆድ ይፍጀው» ይላል፤ ሲያፍርም አንገቱን ይደፋል። እንግዲህ ነገር ከሰው ገላ ላይ ማረፊያ ስፍራ እንዳለው አባቶቻችንም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ምሳሌ የዚያን ማታ ንግግሬን ስመረምረው ስሕተቴ ተገለጠልኝ። እኔ የተናገርሁት ስለ አደጋ፣ ማለት ከታች ስላለው ስለ ደኅንነት ነበር። እርሷ ግን አደጋውን ሳታውቀው ቀርታ አልነበረም፤ ለእናቷ ስትል ደኅንነቷን አስቀድማ ትታዋለች። የቈሰለው ልቧና ክብሯ ነበር። ማስሎውም ቢሆን የፍላጎት ተራ በሰው ሁሉ ዘንድ አንድ ዐይነት እንዳልሆነ በዚያው ጽሑፉ ገልጿል። ደላላው ግን ማስሎውን ሳያነብ ጣራውን አይቶ ስለ ጣራው ነገራት፤ አንገቷን መድፋቷን አይቶ «ሰው ትሆኛለሽ» አላት።

ሌላም የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ያን ያህል አጥብቄ የተከራከርሁት ለእርሷ ብቻ አስቤ ነበርን? «ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ እኅቱ ለግርድና ሄደች» እንዳልባል መፍራቴን ልክድ አልችልም። የራሴን ክብር ይዤ የእርሷን ደኅንነት እሰብክ ነበር። ሰሚ ደግሞ ይኸን በቶሎ ያውቃል።

በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት እንደ ገና ወደ ቤት ስሄድ አንድም ማስረጃ አልያዝሁም። «ምን ቢሟላልሽ ትቀሪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «የእማዬ ጣራ፤ ደግሞም 'ያቺ የወደቀችው' ተብዬ የማልጠራበት ሥራ» አለችኝ። ልጆች በማስጠናት ከማገኘው ገንዘብ ግማሹን ለቈርቈሮ ልሰጥ ተስማማን፤ አጎታችንም ሚስማሩንና እንጨቱን ሊችል ቃል ገባ። እርሷም ልብስ ስፌት ለመማር በሙያ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። «እስከ መስከረም እጠብቃለሁ» አለች እንጂ «አልሄድም» አላለችም።

ስለዚህ አሳመንኋት ብዬ አልመካም። የሰውን ፍላጎት ማወቅ ለወንድምም ለደላላም እኩል ይጠቅማል። ልዩነቱ ያለው ከንግግሩ በኋላ ነው፤ አንዱ ፍላጎቱን ነክቶ ብቻ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ሌላው ግን ሊሞላው ይደክማል። እኛ ተማሪዎች ወደየአገራችን ስንመለስ ሕዝቡን ለማስተማር እንቸኩላለን። ከመናገራችን በፊት «ምን ጐደለብህ?» ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱን ከሰማን በኋላም ከኪሳችንና ከጊዜአችን ጥቂት ብናወጣ፣ ንግግራችን ሰሚ የሚያገኝ ይመስለኛል።

ይኸን በምጽፍበት ቀን ከታሰበው 20 ቈርቈሮ 12ቱ ተገዝቷል። መስከረም ሳይጠባ 8 ይቀረኛል።