የጋሼ ስፒከሮች

ያደገበትን ቤት ዕቃ የሚያስታውስ ሰው የፋብሪካውን ስም አይነግራችሁም። ቀለሙን፣ የቆመበትን ጥግ፣ ማን እንዳይነካ ይከለክል እንደነበር ነው የሚያወራላችሁ። የጋሼ ስፒከሮችም በእኛ ዘመዶች ዘንድ የቀሩት እንዲሁ ነው። ሁለት እንደነበሩ፣ ትልልቅ እንደነበሩ፣ ከእንጨት እንደነበሩ ሁላችንም እንስማማለን። የምን ስሪት ነበሩ ሲባል ግን በየዓመት በዓሉ ክርክር ነው። አንዱ ፊሊፕስ ይላል፣ ሌላው ግሩንዲግ ይላል፣ ጋሼ ራሱ ካረፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

የጋሼ ቤት አዲስ አበባ፣ ሰባራ ባቡር አካባቢ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ቡፌው መሃል ላይ፣ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ፤ በእያንዳንዳቸው አናት ላይ የቤቱ እመቤት እትዬ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ከነሱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ስኒ ስፒከሩ ላይ ያኖረ እንግዳ ካለ እትዬ ምንም ሳትናገር አንስታ ወደ ጠረጴዛው ትመልሰዋለች። ጋሼ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ አስመራ ተመድቦ ሳለ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አሜሪካዊ ወታደር ነው የገዛቸው። ይህን እሱ ራሱ ሲናገር ሰምቻለሁ። አሜሪካኖቹ አስመራ ላይ የቃኘው ጣቢያ የሚባለውን ሰፈራቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 ቆይተዋል፤ በዓለም ዙሪያ የነበሩ ወታደሮቻቸው ደግሞ በዚያ ዘመን ከየጦር ሰፈሩ ሱቅ የጃፓን ሙዚቃ ማጫወቻ በርካሽ ይገዙ ነበር። ስፒከሮቹ የተያያዙበት አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ የኤሌክትሪኩን ኃይል ከ110 ወደ 220 የምትቀይር ትንሽ መዘውር ነበረች። ጋሼ ሰው አደራ ሲል ከሁሉ በፊት የሚያስጠነቅቀው እሷን እንዳይነኳት ነው።

እንግዲህ የስሪታቸውን ፍለጋ ከስፒከሮቹ ፊት እንጀምር። በጨርቁ ላይ ከቀጫጭን እንጨት የተሰካካ ጥልፍልፍ ነበረባቸው። የአጎቴ ልጅ የቤተ ክርስቲያን መስኮት ይመስላል ትላለች፤ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም። ጃፓኖች ይህን ሙያ ኩሚኮ ይሉታል። እንጨቱ ያለ ምስማር አንዱ ባንዱ ውስጥ እየተሰካ የሚሠራ የበርና የመስኮት ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች ለስፒከር ፊት አደረጉት። በዚህ ብቻ ፊሊፕስና ግሩንዲግ የሚሉትን ዘመዶቻችንን ማሳረፍ ይቻላል።

አንዷ እህታችን ግን ‹‹እንጨት አልነበረም፣ ብርቱካናማ ስፖንጅ ነበር›› ብላ ትከራከራለች። ውሸቷን አይደለም። እንዲህ ያለ ስፒከር በእርግጥ ነበረ። ጄቢኤል የሚባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ኤል 100 ሴንቸሪ ፊቱ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ስፖንጅ ነበር፤ ከቀለሞቹም አንዱ ብርቱካናማ ነው። እሷ ክረምቱን የምታሳልፈው በእናቷ ዘመዶች ቤት ስለነበር ሁለቱ ሳሎኖች ተደባልቀውባታል። ደግሞም ያ ስፖንጅ ዕድሜ ሲጫነው እየተፈረፈረ የሚረግፍ ነው። የጋሼ ስፒከሮች ከቤት እስከወጡበት ቀን ፊታቸው ሙሉ ነበር፤ ትንንሽ ጣቶቻችን ከገቡባቸው ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች በቀር።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የትኛው የጃፓን ፋብሪካ የሚለው ነው። ፓዮኒርም ሳንሱይም ጥልፍልፍ እንጨት ይጠቀሙ ስለነበር ፊት ብቻ አይለያቸውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ረድቶኛል። ሬድዮ ጠጋኙ አንድ ጊዜ ቤት መጥቶ ፊቱን ሲያነሳው፣ ጋሼ ትልቁን ሸክላ ከነልባሱ አምጥቶ የስፒከሩ ትልቅ ክብ ላይ ገጠመው፤ ልክ ሆነ። ‹‹ያው ነው፣ እኩል ነው›› እያለ ለጠጋኙ ሲያሳየው ከጎኑ ቆሜ ነበር። ትልቁ ሸክላ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በኢንች 12 መሆኑ ነው። ከፓዮኒር ትልልቆቹ አንዱ፣ ሲኤስ 99ኤ የሚባለው፣ ግን 15 ኢንች፣ ማለትም 38 ሴንቲ ሜትር ነው። ሸክላው እሱ ላይ ቢቀመጥ ዙሪያው በሰፊው ይተርፍ ነበር።

በዚያ ላይ ጥቁሩ መስታወት አለ። አምፕሊፋየሩ ሲጠፋ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ ጭው ያለ ጥቁር ነው። ጋሼ ማብሪያውን ሲጫን ከስፒከሮቹ ውስጥ ‹‹ዱብ›› የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ከጥቁሩ ውስጥ ቁጥሮችና መስመሮች ብርሃን ለብሰው ብቅ ይላሉ። እኛ ልጆቹ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ይህችን ለማየት ነበር መሬት ላይ የምንደረደረው። በዚህ ጥቁር መስታወት በዚያን ጊዜ የታወቀው ሳንሱይ ነው። አምፕሊፋየርና ስፒከር ከተለያየ ፋብሪካ ማገናኘት የተለመደ ነውና ይህ ብቻውን አያሳምንም ትሉኝ ይሆናል። የአጎቴ ልጅ ግን ‹‹ኤስ›› የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል የተማረችው ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ስፒከሩ ፊት ላይ ከነበረችው ትንሽ የብረት ስም ነው። ጋሼ ጣቷን ይዞ ያስነካት ነበር። እንግዲህ እኔ በበኩሌ ክርክሩን ዘግቻለሁ፤ የጋሼ ስፒከሮች ሳንሱይ ናቸው፣ ኤስፒ ከሚባለው ዘር።

ይህን ያህል የደከምኩት ለስሙ ብዬ አይደለም። በዚያ ሳሎን የሰማነው ድምፅ ከየት ይወጣ እንደነበር ማወቅ ስለምፈልግ ነው። የአምሃ እሸቴ ሸክላ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምር የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ይዞ ነው የወጣው፤ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አሳተመ። ጋሼ ከነዚህ ያልገዛው ጥቂት ነው። በልባሳቸው ላይ የገዛበትን ቀን በእርሳስ ይጽፍ ነበር። በዚያ ባለ 12 ኢንች ስፒከር የሳክስፎኖቹ መንጋጋት ሆድ ላይ ያርፋል። የብዙነሽ በቀለ ድምፅ ደግሞ ከእንጨቱ ውስጥ ሳይሆን ከቡፌው በላይ፣ ማንም ከሌለበት ባዶ ቦታ የሚመጣ ነበር የሚመስለው። ጋሼ ይህን ሊያስረዳን የውጭ አገር ትልቅ ሸክላ አስቀምጦ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያቆመንና ‹‹አሁን ከበሮው የት ነው?›› ይለናል። በግራ ነው ስንለው ‹‹መለከቱስ?›› ይላል። ሙዚቃን ማዳመጥ የተማርነው እዚያ ምንጣፍ ላይ ቆመን ነው። በኋላ በሕይወቴ ብዙ ጥሩ ማጫወቻ ሰምቻለሁ፤ ጣት እየቀሰረ የሚጠይቅ ሰው ግን አልገጠመኝም።

ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ እነዚያ ስፒከሮች ሌላ ሥራ አገኙ። ከሰዓት እላፊ በኋላ መንገድ ላይ መታየት ስለማይቻል የልደት ወይም የክርስትና ግብዣ የመጣ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ነው። መጋረጃው ይዘጋል፣ ድምፁ ይቀነሳል። ጋሼ መርፌዋን በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ማሕሙድ አሕመድ ላይ ያሳርፋታል። ሰው የሚደንሰው በካልሲ ነበር፤ የጫማ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ። እኛ ከመኝታ ክፍሉ በር ሥር በሚገባው ብርሃን እግሮቹን እየቆጠርን እንቅልፍ ይወስደናል። በነዚያ ዓመታት ብዙ ቤት ውስጥ ብዙ ኀዘን ነበር፤ ያቺ ሳሎን ግን ሰው ያሳደረችው እያስጨፈረች ነው። ይህን ለእትዬ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ሁሌም ‹‹ጋሼህ ነው እንጂ›› ትለኛለች።

በ1970ዎቹ ካሴት ሸክላውን አስረሳው። የሸክላ መርፌ ከገበያ ጠፋች። አንዲት ትንሽ ቴፕ ቡፌው ላይ ወጣች፣ ስፒከሮቹም የአበባ ማስቀመጫ ቆሞባቸው ዓመታት አሳለፉ። ጋሼ ሲያርፍ ቤቱ ተለወጠ፤ አንድ ቀን ‹‹ቁራሌው!›› እያለ የሚያልፍ ልጅ ተጠርቶ ተሸክሟቸው ሄደ። ወደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ሳይወስዳቸው አልቀረም። ማግኔቱን አንዱ ገዝቶት፣ ሳጥኑን ሌላው ወስዶ መደርደሪያ አድርጎት ይሆናል። ቶኪዮ ላይ በ1947 የሬድዮ ትራንስፎርመር በመሥራት የተነሳው የሳንሱይ ድርጅትም በ2014 በኪሳራ ተዘግቷል፤ ሁለቱም ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እነዚያን ዘፈኖች ግን ‹‹ኢትዮፒክስ›› በተባለው ተከታታይ የፈረንሳይ እትም የተነሳ ዛሬ የውጭ ሰው ሳይቀር በጆሮ ማዳመጫ ይሰማቸዋል። ደስ ይለኛል። ሆድ ላይ የሚያርፈው ሳክስፎን ግን እዚያ ውስጥ የለም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር አለ። እናንተም ቤት፣ ወይም አያቶቻችሁ ቤት፣ ዳንቴል ለብሶ ወይም ዕቃ ቤት ገብቶ የተቀመጠ የድሮ ስፒከር ካለ፣ ዛሬውኑ አዙሩትና ጀርባውን እዩት። የፋብሪካው ስም፣ ቁጥሩ፣ የተሠራበት አገር እዚያ በተለጠፈች ወረቀት ወይም ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል። ፎቶ አንሱት። ማን እንደገዛው፣ ከየት እንዳመጣው፣ መጀመሪያ ምን እንደተዘፈነበት የሚያውቁትን ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቁና እዚያው ጻፉበት። ቁራሌውን የምትጠሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።