እግረኛ

በአማርኛ መኪና ያለው ሰው «ባለመኪና» ይባላል፤ የሌለው «እግረኛ»። አንዱ በንብረቱ ተጠራ፣ ሌላው በእግሩ። አዲስ አበባ ላይ ቅደም ተከተላቸው የታወቀ ነው፤ እግረኛ ይቆማል፣ ባለመኪና ያልፋል።

በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ውሳኔው ጭስ ይቀንሳል፣ የውጭ ምንዛሪም ያድናል። ሆኖም ነዳጁ በባትሪ ቢተካም የመንገዱ መጨናነቅ ያው ነው፤ ቀድሞ የሚያልፈውም ያው ባለመኪና።

ከቃሊቲ መርካቶ ወርዳ፣ ነግዳ ለምትመለስ እናት ጭስ አልባ ጉዞ አዲስ ነገር አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ በሰፈሯ የሚያልፍ፣ ዋጋውም ኪሷን የማይጎዳ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ባቡሩ ሲዘገይባት፣ የታክሲው ሰልፍ ሲረዝምባት፣ ዘምቢሏን አንጠልጥላ የቻለችውን ያህል በእግሯ ትገፋለች።

በካርቦን ሒሳብ ከተባለ እሷ ዕዳ የለባትም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ሰው የቀረጥ ቅናሽ ሲያገኝ፣ ለእሷ ግን የተሰበረ የእግረኛ መንገድ እንኳ ቶሎ አይጠገንላትም። ድካሟን «ለአካባቢ ተስማሚ» ብሎ ማወደስ ደግሞ ሌላ ነውር ነው፤ የምትሄደው መርጣ ሳይሆን አጥታ ነውና።

ፖሊሲው መሥራቱ የሚታወቀው በገቡት ባትሪዎች ቁጥር ብቻ አይደለም። መኪና መግዛት የሚችል ሰው፣ ሳይቸግረው፣ ባቡሩን መርጦ ከጎኗ ሲቀመጥ ነው።