አራዊት ለማየት፦ ስሜን ወይስ ባሌ?

አንበሳና ዝሆን በብዛት ማየት የሚፈልግ እንግዳ ኬንያና ታንዛኒያ ይሄዳል። ወደ አገራችን የሚመጣው ግን ሌላ ቦታ የሌለውን ፍለጋ ነው። ታዲያ የት ይሂድ?

ስሜን ተራራ ዋልያ አለ። ዋልያ ከስሜን በቀር የትም የለም። ጭላዳውም በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ይውላል። ደስ ይላል።

እኛ ግን ባሌን እንመርጣለን። ባሌ ተራራ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን ሜዳ ያቋርጣል። ከፍታው 4,000 ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው! ቀይ ቀበሮ በመኪና መስኮት እንኳ የሚታየው እዚያ ነው። ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ ፍልፈል ይጠብቃል። የበግ ሌባ ነው የሚሉት አሉ፤ ኑሮው ግን በፍልፈልና በአይጥ ነው።

በዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ያህል ነው። ጥቂቱ ስሜን ይኖራል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ግን ባሌ ነው። የሚፈጀው ጥይት ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። በሽታው የሚመጣው ከቤት ውሻ ነው። ስለዚህ በባሌ የገበሬው ውሻ ይከተባል። ውሻው ሲከተብ ልጆቹም ከዚሁ በሽታ ይድናሉ።