ወገቤን የመታው ብርድ አልነበረም!

«ብርድ መትቶህ ነው» አለች እናቴ። ጓደኞቼ ደግሞ «ኩላሊትህን ታይ» አሉኝ። እኔ ግን ምስጢሩን አውቀው ነበር። እናንተዬ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ካልሲዬን የምታደርግልኝ እህቴ ሆነች!

የምሠራው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው። የተቀጠርኩት ለሽያጭ ቢሆንም፣ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ በር ላይ ከቆመ ሻጭ የለ ሒሳብ ሠራተኛ የለ፣ ሁሉም ተሸካሚ ነው። መኪናው የሚመጣው ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ገና ከአልጋዬ እንደተነሳሁ። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ! ጎንበስ፣ እቅፍ፣ ዞር፣ ወርወር... «ወንድ አይደለህ እንዴ?» ሲባል ማን ከበደኝ ይላል? ያውም ገንዘብ ተቀባይዋ እያየች! (ይቺን ባልጽፋት ይሻለኝ ነበር።)

አንድ ማለዳ ከረጢቱን ይዤ ዞር ስል ወገቤ ቋ አለ። እንጀራዬን እንዳላጣ ብዬ ሦስት ሳምንት ደበቅኩት። ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በጭኔ በኩል እስከ እግሬ ጣት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ሳስነጥስማ እንባዬ ይመጣል። ወጌሻ ጋ ሄድኩ፤ አሸኝ፤ ጭራሽ ባሰብኝ።

በመጨረሻ ሐኪም ፊት ቀረብኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሥራዬ ነው። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያለው ዲስክ ዙሪያው ጠንካራ፣ መሐሉ ለስላሳ ነው። ጎንበስ ብለን እየተጠማዘዝን ከባድ ነገር ስናነሳ ዙሪያው ይሰነጠቅና መሐሉ ወጥቶ ነርቭ ይጫናል። ሌሊት ስንተኛ ደግሞ ዲስኩ ውኃ መጥጦ ስለሚወጠር በማለዳ ጎንበስ ማለት የባሰ ያስጨንቀዋል። የኔ አይሱዙ በ12 ሰዓት! የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሻሻሉት ቀመር፣ ዕቃው ወደ ሰውነት ተጠግቶ፣ መጠማዘዝ ሳይኖር፣ ሁሉም ነገር ተመቻችቶ እንኳ ጣሪያው 23 ኪሎ ነው። እኔ ከእጥፍ በላይ!

የሚኒባስ ሾፌር ጓደኛዬ «እኔ እንኳን ቁጭ ብዬ ነው የምውለው» ብሎ ሳቀብኝ። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ መንዘፍዘፍም ወገብን እንደሚጎዳ ስነግረው ሳቁን አቆመ።

ቀዶ ጥገና ነው ብዬ ስሸበር፣ ሐኪሙ «አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ አልጋ ላይ አትዋል፣ ተራመድ» አለኝ። «ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ወይም መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ ግን እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሮጠህ ና!»

የሕክምና ወረቀቴን ለአለቃዬ ስሰጠው አገላብጦ አየው። «ሲሚንቶ የሚያወርድ ልጅ መች ጠፋ» አለኝ። እኔ ወደ ሽያጬ ተመለስኩ፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ተቀጠረ። ትናንት ማለዳ ጠጋ ብዬ «ለሁለት ያዙት» ብለው «አንተ አርጅተሃል!» ብሎ ብቻውን አነሳው። ገንዘብ ተቀባይዋ እያየች ነበር።